ጋሪ ማስቆም

ባጃጁ ሀይሚን ለጥቂት ስቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ፣ አባቷ ፍቅረየሱስ ከአስፋልቱ ማዶ ጎንበስ ብሎ የአንድ ጋሪ ፈረስ ሰኮና በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ነበር። መጀመሪያ የሰማው የገዛ ቤቱ የቆርቆሮ በር ከግንቡ ጋር ሲላተም ነው። ቀና ሲል፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጁ እጆቿን እያርገበገበች፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ እሱ ወደያዘው ፈረስ በቀጥታ ትሮጣለች። ባጃጁ ተጠማዘዘ፤ የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ሰምጦ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ሹፌሩ ወርዶ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ልጅቷን ሲያይ ተወውና ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሀይሚ የሆነውን ሁሉ ከምንም አልቆጠረችውም። የጋሪውን ጎማ በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ገበያ ወርደው ጓጉንቸር ገዝተው መጡ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ የፍቅረየሱስ እናት ናቸው። ቤቱም የእሳቸው ነው፤ ሟች ባለቤታቸው ሮቤ ገና ትንሽ ከተማ ሳለች የሠሩት። ልጃቸው፣ ምራታቸው ደጊቱና የልጅ ልጃቸው አብረዋቸው ይኖራሉ። ሀይሚ አትናገርም። የምትፈልገውን በጣቷ አትጠቁምም፤ ስሟ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ አትዞርም። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ቤተሰቡ የሰማው ካቻምና ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቃሉን አልወደዱትም፤ ልጅቷን ግን ከማንም አብልጠው ይወዷታል። ጸበል ይዘዋት ሄደዋል፤ ማታ የምትተኛው ከእሳቸው ጋር ነው። ጓጉንቸሩንም የገዙት ከዚሁ ፍቅር የተነሳ ነው።

“ከዛሬ ጀምሮ በሩ ይቆለፋል” አሉ። “ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው የሚውለው። ግቢው ሰፊ ነው፤ እዚሁ ትጫወት።”

“እስከ መቼ ነው እማዬ?” አለ ፍቅረየሱስ።

“ልብ እስክትገዛ።”

ደጊቱ አማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ የምታደርግ ሴት አይደለችም። ያን ቀንም አላደረገችም። የሀይሚን ጫማ እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣ ከግቢ የማይወጣ ልጅ ስለ መንገድ ልብ የሚገዛው የት ነው ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ነው፣ ጨርቃ ጨርቅ ወደምትሸጥበት ሱቅ የምትመጣ አንዲት ደንበኛዋ ስለነገረቻት፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን ስለምታስተምር የጎባ ሴት ያወራችው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ አንድ ነገር ፈቀዱ። እስከ ገና በዓል ይታገሣሉ። እስከዚያ ሀይሚ በሩ ላይ ስትቆም አንድ ትልቅ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ በሚደርስባት ርቀት ይቆማል። ገና ደርሶ ልጅቷ እንዳለፈው ወደ መንገዱ የምትሮጥ ከሆነ፣ በሩ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጎባ ማውራት የለም።

ጎባ ከሮቤ ሩቅ አይደለችም፤ ብርዷ ግን ሌላ ነው። የጎባዋ ሴት ዙሌይካ ያደገችው ሮቤ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሥነ ልቡና ተምራ፣ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጋር ለዓመታት ሠርታ ተመልሳለች። ጎባ ላይ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ናት። ምንጣፍ አላት፣ ልጅ የሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ አላት፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የወላጅ አግዳሚ ወንበር።

በመጀመሪያው ቀን ዙሌይካ ምንም አልሠራችም ማለት ይቻላል። ሀይሚ የድስት ክዳን አግኝታ ወለሉ ላይ ታሾራለች፤ ዙሌይካ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣ ታያለች። ደጊቱ ትዕግሥቷ አለቀና ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። ፍቅረየሱስ ግን ደስ አለው። የእንስሳት ሐኪም ነውና፣ የታመመ ፈረስ ሲመጣለት እሱም መጀመሪያ ቆሞ ያያል እንጂ ሮጦ አይዳብስም። ሴትየዋን ወዲያው አመናት። ክዳኑ መሾሩን አቁሞ ሲወድቅ፣ ዙሌይካ ሌላ ክዳን አንስታ ራሷ አሾረች። ሀይሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

ከዚያ የዙሌይካ ጥያቄ መጣ። ልጅቷ ምን ጎደላት የሚል አልነበረም። ከመጮኋ በፊት ምን ነበር? ስትጮህ ማን መጣ? ከመጣ በኋላስ ምን አገኘች? ፍቅረየሱስ እያንዳንዱን አሰብ እያደረገ መለሰ፤ እየመለሰ ሳለም የገዛ ንግግሩን እንደ ሌላ ሰው ንግግር ሰማው።

ሀይሚ ጋሪ ትወዳለች። ጋሪ ስትፈልግ በሩ ላይ ቆማ ትጮኻለች። ስትጮህ ከመንገዱ ማዶ ካለው ማቆሚያ አንዱ ጋሪ ነጂ መጥቶ ጋሪው ላይ ያወጣታል፤ እስከ መታጠፊያው ወስዶ ይመልሳታል። ፈረሶቻቸውን የሚያክምላቸው የፍቅረየሱስ ልጅ ናት፤ ደግሞም ሮቤ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጋሪ ነጂ የለም። ሂሳብ ጠይቀው አያውቁም። ባጃጁ የሳታት ዕለት ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ የተሰበሰቡት ፍቅረየሱስ የሚያክመውን ፈረስ ከበው ነበር። ጮኸች፤ ማንም አልመጣም። ስለዚህ ራሷ ሄደች።

“እንግዲህ ጩኸት ጋሪ ያመጣል ማለት ነው” አለች ዙሌይካ። “ብልህ ልጅ ናት፤ የሚሠራ መንገድ አግኝታለች። የእኛ ሥራ አፏን ማዘጋት አይደለም። ከጩኸት የሚቀልና ከጩኸት የሚፈጥን ሌላ መንገድ መስጠት ነው።”

ደጊቱ፣ ሀይሚ ትናገር እንደሆነ ጠየቀች። ዙሌይካ አላውቅም አለች፤ በዚህን ያህል ጊዜ አናግራታለሁ የሚል ሰው ከመጣ ከሱ ራቁ ብላ ጨመረች። ወላጅ ከአግዳሚው ወንበር እንዲነሳ እንደማትጠይቅ፣ ማንም ቢሆን ውጭ ጠብቁ ብሎ በር ከዘጋባቸው ልጃቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነገረቻቸው። ፍቅረየሱስ የእጅ ማርገብገቡን ታስተዋት ይሆን ብሎ ጠየቀ። ማንን ይጎዳል አለችው። ማንንም። ታዲያ ለምን ትተወዋለች? ጎረቤቱ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየሰማች ነው ግራ የገባት፣ አንዱን ተዉላት ይላል ሲሏት ደግሞ ሳቀች። እኔም ሁለቱን ይዤ ነው ያደግኩት፤ አንዱንም እንዳትተዉባት፣ ነገ ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር በምን ልትግባባ ነው አለች።

ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር ወደ ሮቤ የተመለሱት። ወይዘሮ ወለተሥላሴ የሆነውን ሁሉ ጠይቀው ሰሙ። ስለ ድስት ክዳኑ ሲሰሙ አልተቃወሙም። ዙሌይካ በሚቀጥለው ጊዜ የእንጨት መጫወቻ ጋሪ ከሀይሚ እጅ ራቅ አድርጋ አስቀምጣ፣ እጇን ስትዘረጋ ወዲያው እንደምትሰጣት ሲሰሙ ግን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ።

“አንተ ፈረስ ሲገራ አይተህ አታውቅም?” አሉት ልጃቸውን። “ይሄ ከዚያ በምን ይለያል? የልጅ ልጄ ለጋሪ ልትጠመድ ነው እንዴ?”

ቃሉ ፍቅረየሱስ ልብ ውስጥ ገባ። ፈረስ እንዴት እንደሚገራ ከእናቱ ይልቅ እሱ ያውቃል። ወጣቱ ፈረስ ታስሮ ይደክማል፣ ይሸበባል፣ ይጫናል፤ በመጨረሻ የሰው ፈቃድ የራሱ ፈቃድ ይመስለዋል። የፈረሶቹን ቁስል የሚያጥበው እሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጎባ ሲሄድ ጥያቄውን ሳያለዝብ አቀረበው፤ ዙሌይካ እንደምትቆጣም ጠብቆ ነበር።

አልተቆጣችም። “በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው አለ” አለች። “ድሮም ነበር፣ ዛሬም አለ። ልጁ ዓይን ለዓይን እንዲያይ አገጩን ይይዛሉ፤ እጁን አስረው ዝም በል ይላሉ። እናትዎ የፈሩትን አውቀው ነው የፈሩት።” ከዚያ ሀይሚን አየቻት። ሀይሚ የሰለቻትን አሻንጉሊት በመዳፏ ገፋ እያደረገች ነበር። “ዶክተር፣ ልጠይቅዎት። ፈረስ የሚገራ ሰው መጀመሪያ የሚያስተምረው ምንድን ነው?”

“መቆምና መሄድ።”

“እኔ መጀመሪያ የማስተምራት እምቢ ማለትን ነው። ፈረሱን እምቢ ማለት የሚያስተምር ሰው አይተው ያውቃሉ?”

ፍቅረየሱስ ሳቀ። አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሀይሚ መዳፍ ወደ ውጭ ሲገፋ ቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ይቆማል ተባለ። ለመናገር ቀላል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፍቅረየሱስ ኮቷን ሊቆልፍላት ሲል መዳፏ መጣ። የሮቤ ነፋስ ከቆርቆሮው ሥር እየገባ ያፏጫል፤ እሱ ደግሞ አባት ነው። እጁን መለሰ። ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላዋ ወጣ፤ ብርዱ ሲሰማት ራሷ መጥታ እጅጌውን ጎተተች። ዙሌይካ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ለየችለት። ኮት እምቢ ይባላል፤ አስፋልት እምቢ አይባልም። ቤተሰቡ ሁለቱን ካልለየ ልጅቷ ልትለይ አትችልም።

ነገሩ ወይዘሮ ወለተሥላሴን ከበዳቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉንጯን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ መዳፏ አገጫቸው ላይ አረፈ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጃቸውንም ምራታቸውንም አላዩም፤ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ማታ ሀይሚ እንደ ልማዷ አጠገባቸው ስትተኛ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ግንባሯን አንገታቸው ሥር ወሽቃ አገኟት። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ግን መጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው መጠበቅ ጀመሩ። ደጊቱ አይታ እንዳላየች ሆነች።

የቀሩት ጋሪ ነጂዎቹ ነበሩ። ፍቅረየሱስ አንድ ጠዋት ማቆሚያው ሄደ። ከሁሉም ሽማግሌው ዋቆ ነው፤ ሲያየው “አካም ቡልተን፣ ዶክተር” ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈረሱን እንዲያይለት ልጓሙን ሊያቀብለው ነበር። ዛሬ የመጣሁት ለፈረስ አይደለም አለው። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ስትጮህ እንዳታነሷት ብሎ ለሁሉም ነገራቸው።

ከመካከላቸው አንዱ የሚያለቅስ ልጅ ጥሎ ማለፍ ኃጢአት ነው አለ። ሌላው፣ ዶክተሩ ሲማር ውሎ ሲማር አድሮ አሁን ጭካኔ ሊያስተምረን መጣ ብሎ አሳቃቸው። ዋቆ አልሳቀም።

“ስታለቅስ አልፈናት ስንሄድ አላህ አያየንም?”

“አልፋችኋት አትሂዱ” አለ ፍቅረየሱስ። “ቁሙ። እኔ ወይ እናቷ አጠገቧ ነን። እጇን እንድትዘረጋ እንረዳታለን። እጇ እንደወጣ፣ ለአንድ አፍታም ሳትዘገዩ፣ ጫኗት። ከእጇ በኋላ ጋሪ፤ ከጩኸቷ በኋላ ግን ጋሪ የለም። ሁላችሁም እንዲሁ። አንዳችሁ ብታዝኑላትና ብታነሷት፣ የሁላችን ልፋት ገደል ገባ።”

ዋቆ ጢሙን እያሻሸ አሰበ። “እንግዲህ ፈረሴን እኔ አቆመዋለሁ፣ እኔን ደግሞ ልጅህ ታቆመኛለች” አለ። “ይሁና። ሚስቴም ታቆመኛለች፤ ለምጄዋለሁ።”

እንደዚህ ተጀመረ። ሀይሚ በሩ ላይ ስትጮህ ደጊቱ ወይም ፍቅረየሱስ ክርኗን ከሥር ደገፍ አድርገው መዳፏን ወደ ላይ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ነጂው ወዲያው ያወጣታል። ቀስ በቀስ ድጋፉ ቀነሰ፤ ከክርን ወደ ጣት ጫፍ፣ ከጣት ጫፍ ወደ ዓይን ምልክት። ጥሩ ሄደ። ከዚያ ባሰ።

ይብሳል ብላ ዙሌይካ አስቀድማ ነግራቸው ነበር። የለመደችው በር አልከፈት ሲላት መጀመሪያ በኃይል ትደበድበዋለች ነበር ያለችው። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ሀይሚ ጋሪ በሌለበት ሰዓት እጇን ሳትዘረጋ መጮህ ጀመረች፤ ድምፅዋ እስኪሰለል ትጮኻለች፤ የእጇን አንጓ ትነክሳለች። አጠገቧ ተቀምጠው፣ በጥርሷና በእጇ መካከል የታጠፈ ሻርፕ እያስገቡ፣ ሳይቆጧት ይጠብቃሉ። ጎረቤት ብቅ እያለ ያያል። ልጅቷን ምን እያደረጓት ነው የሚል ነገር በሰፈሩ ተወራ።

አንድ ከሰዓት ፍቅረየሱስ ብቻውን ነበር። ደክሞታል፤ ዝናብ ጀምሯል፤ ሀይሚ ከዚያ በፊት ጮኻ በማታውቀው ድምፅ ትጮኻለች። አንድ ጋሪ ሲያልፍ አስቁሞ፣ እጇን ሳይጠብቅ፣ አንስቶ አወጣት። ወዲያው ዝም አለች። ዝምታዋ እንዴት ጣፋጭ ነበር!

ደጊቱ ከሱቅ ስትመለስ ጋሪው ላይ አገኘቻቸው። እስኪወርዱ ጠብቃ፣ ልጅቷን አቅፋ አስገብታ፣ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

“አየህ፣ እስከ ትናንት ድረስ መጮህ ነበር የምታውቀው። አንተ ዛሬ ከዚያ በላይ መጮህ አስተማርካት።”

እውነቷን ነው። ቀጣዮቹ ቀናትም እውነቷን መሆኑን አሳዩት። ዙሌይካ ግን ሲነግራት አልወቀሰችውም። የማይሰበር ወላጅ አላየሁም አለች። “ልቤ አይችልም ብለው ካወቁ፣ ገና ሳትጮህ፣ ትንሽ ስትጠይቅ ይስጧት። የሚበላሸው መስጠትዎ አይደለም፤ የሰጡበት ሰዓት ነው።” ደግሞም፣ ሀይሚ የእሷን ክፍል በር ስታይ መፍራት ከጀመረች፣ ጥፋቱ የትምህርቱ እንጂ የልጅቷ ስለማይሆን ወዲያው እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ሀይሚ ግን ከሚኒባስ ስትወርድ ወደዚያ በር እየጎተተቻቸው ነበር የምትሄደው።

ጩኸቱ መቀነስ በጀመረበት ሰሞን ሀይሚ አንድ ጠዋት ማንም ሳይነካት መዳፏን ዘረጋች። ያየችው ደጊቱ ናት። የገበያ ቀን ነበርና ከገሰራ በኩል የመጡ ሰዎች የተሳፈሩበት ጋሪ በሩ ፊት ዝግ አለ። አንዲት ሴትዮ ከጋሪው ጎንበስ ብለው፣ እግዜር ይማርሽ ልጄ ብለው፣ በተዘረጋው መዳፍ ላይ ሳንቲም አኑረው አለፉ።

ሀይሚ ሳንቲሙን አየችው። ጋሪውን አየችው፤ እየራቀ ነው። ሳንቲሙን ወረወረችና ጮኸች።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከበረንዳው ሆነው ሁሉንም አይተዋል። የዚያን ዕለት ቤቱ ውስጥ የተነገረው ሁሉ ቢጻፍ ይሰፋል። አጭሩ ግን ይህ ነው፦ ባለቤታቸው በሠሩት ቤት ደጃፍ፣ በቆመ ሰው ፊት፣ የልጅ ልጃቸው ለማኝ ተደርጋለች። ገና እስኪደርስ የሚጠብቁበት ምክንያትም አይታያቸውም። ጓጉንቸሩን ከመደርደሪያው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ጎባ ላይ ዙሌይካ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች። “ክፍል ውስጥ የሚሠራ ምልክት ነው። መንገድ ላይ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም፤ እዚሁ አድጌ።”

ታዲያ በምን እንተካው ተባለ። ደጊቱ እንደ ቀላል ነገር፣ ሰው ሁሉ ጋሪ በሚያስቆምበት ምልክት ነው አለች። ክንድ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ መዳፍ ወደ መሬት ይዞራል፣ ዝቅ ዝቅ ይላል። ልጄ ከሮቤ ሰው የተለየ ምልክት ለምን ያስፈልጋታል? ዙሌይካ ራሷ ክንዷን ዘርግታ ሞከረችው። በዚያው ቀን ተጀመረ። አሮጌው ምልክት ቶሎ አልጠፋም፤ አንዳንዴ መዳፏ ወደ ላይ ይወጣና ደጊቱ በጣቷ ገልበጥ ታደርገዋለች። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጓጉንቸሩን ከጠረጴዛው ላይ አላነሱም፤ አልቆለፉምም። ገና ስንት ቀን ቀረው ብለው ግን በየቀኑ ይጠይቁ ነበር።

የገና ዋዜማ ስንዴው የሚሰበሰብበት ወቅት ላይ ዋለ። ኮምባይነሮቹ ሜዳው ላይ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ያለ ጋሪ ሁሉ ጆንያ ይጭናል። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በጾም ደክመው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩን ገፍተው ገቡና ሳይዘጉት ቀሩ። ፍቅረየሱስ ግቢው ውስጥ እጁን ይታጠብ ነበር። ሀይሚ በአያቷ ጎን ሾልካ ወጣች።

ውሃውን ጥሎ ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ልጁም ቆማለች። ከቦዩ ወዲህ፣ እግሮቿ ጠርዙ ላይ፣ ክንዷ ወደ ፊት ተዘርግቷል። መዳፏ ወደ መሬት ነው። ዝቅ፣ ዝቅ።

“ያዛት እንጂ!” አሉ እናቱ ከኋላው።

ክንዱ የሚደርስበት ድረስ ተጠጋ፤ ግን አልያዛትም። የመጣው የዋቆ ጋሪ ነው። ጆንያው ከፈረሱ ጀርባ በላይ ተቆልሏል፤ ዋቆ ራሱ መቀመጫ አጥቶ ከጎን በእግሩ ይሄዳል። ልጅቷን አያት፤ ክንዷን አየ። ፊቱ ላይ ሐዘን ታየ። ማውረድም መጫንም አይችልም፤ ከኋላው ሌላ ጋሪ እየገፋው ነው። እጁን አነሳላት።

“ኤጊ፣ ኢንተላ ኮ” አላት። “ጠብቂኝ ልጄ። አራግፌ እመለሳለሁ።”

መጠበቅን ማንም አላስተማራትም። የሀይሚ ክንድ ጋሪው እስኪያልፍ ተዘርግቶ ቆየ፤ አልፎም ለጥቂት ቆየ። ከዚያ ፊቷ ተሰበሰበ። እንደ ጥንቱ ጮኸች፤ መሬት ላይ ተዘረረች፤ ተረከዟን ትፈጠፍጣለች፤ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ፍቅረየሱስ ተንበርክኮ ሻርፑን በጥርሷና በአንጓዋ መካከል አስገባ። መንገደኛ ቆሞ ማየት ጀመረ።

“ይኸው!” አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። “ስንት ወር ተመላልሳችሁ፣ ይኸው። ከዚህ በላይ ምን እንዳይ ትፈልጋለህ?”

ፍቅረየሱስ ቀና አላለም። ድምፁ ግን አላወላወለም፤ አንድ ነገር መርምሮ ሲጨርስ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

“እግሯን ይዩት፣ እማዬ።”

“ምኑን ነው የማየው?”

“ያለበትን ቦታ ይዩ። ቦዩን አልተሻገረችም። ጋሪ ፈለገች፣ እንደ ሰው ጠየቀች፣ ከለከሏት። ተከለከለችና አለቀሰች። እርስዎ ቢከለክሉኝ እኔም በስድስት ዓመቴ እንዲህ ነበር የማለቅሰው። ነገር ግን አልሮጠችም። ባጃጁ የሳታት ዕለት ጋሪ አልመጣ ሲላት ምን እንዳደረገች ያውቃሉ።”

እናቱ ቦዩን አዩ፤ ከዚያም እግሮቿን። አቧራው ላይ የሚፈጠፈጡት ተረከዞች ከቦዩ ጠርዝ ወዲህ ናቸው።

“እየጮኸች እንዲህ ሰው ከሚሰበሰብባት ግቢ ውስጥ ብትጮህ አይሻልም?” አሉ በመጨረሻ፤ ግን አሁን የሚጠይቁ እንጂ የሚፈርዱ አይመስሉም።

“ግቢ ውስጥም ትጮኻለች። ልዩነቱ፣ እዚያ እጇን ብትዘረጋ የሚቆምላት የለም።”

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቆሞ ለሚያያቸው ሰው ሂድ፣ ሂድ የሚል ምልክት አሳዩ። ከዚያ አንድ እጃቸውን የልጃቸው ትከሻ ላይ አስደግፈው፣ እያቃሰቱ፣ ከሀይሚ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። በዋዜማ ነጭ ልብሳቸው አቧራው ላይ።

“ቀጥሎ ምንድን ነው የሚያስተምሯት?”

“መጠበቅ።”

“እሱ ይቆይላት” አሉ። “እኔም በሰባ ዓመቴ አልቻልኩበትም።”

የሀይሚ ጩኸት ቀስ እያለ ወደ ማልቀስ፣ ማልቀሱ ወደ ሲቃ ወረደ። ፍቅረየሱስ ሻርፑን አነሳ። ከገበያው በኩል አንድ ባዶ ጋሪ መጣ፤ ነጂው ከማቆሚያው ሰዎች አይደለም፤ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ፍቅረየሱስ የልጁን ክርን ሊደግፍ እጁን ሰደደ።

“ተው፣ ቆይ” አሉት እናቱ።

ቆየ። ፈረሱ ቀረበ። ሀይሚ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ተነስታ ተቀመጠች፤ ፈረሱን አየች። ጋሪው ሊያልፋቸው ጥቂት ሲቀረው ክንዷ ወጣ። መዳፏ ወደ ላይ ነበር፤ ራሷ ገለበጠችው።

ጋሪው ቆመ። ነጂው ስንት ሰው ነው፣ ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ፤ የሮቤን ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው።

“ሁለት ነን” አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ልጃቸው ደግፎ እያስነሳቸው። “እስከ መታጠፊያው ደርሰን እንመለሳለን።” ሀይሚን ሳይነኩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቋት፤ ልጅቷ ይዛው ወጣች። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ፈረሱ ሊነሳ ሲል ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው” አሉት። “ስንመለስ እንዳናንኳኳ።”